ለአሮጌ ኢሱዙ የተገዛ የራዲያተር ክዳንና የኩላንት መቀበያ

ከሶማሌ ተራ የገዛሁት 0.9 ባር ግፊት የሚይዝ የራዲያተር ክዳንና የፕላስቲክ መቀበያ፣ አሮጌው ኢሱዙ ኤንፒአር የጭነት መኪናዬ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ መሬት ላይ ያፈስሰው የነበረውን ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) አስቀርቶልኛል። ጭነት ይዞ ከዓባይ በረሃ ወደ ጎሐ ጽዮን የወጣ ሞተር ወዲያው ሲጠፋ የውኃ ፓምፑም አብሮ ስለሚቆም፣ በቴስታታው (በሞተሩ የላይኛው ክፍል) ውስጥ የተጠራቀመው ሙቀት ወደማይንቀሳቀሰው ኩላንት ይተላለፋል፤ ኩላንቱም ይሰፋና ግፊቱ ከክዳኑ አቅም ሲያልፍ ይወጣል። ይህ ክዳን ትርፉን ወደ መቀበያው ይለቅቃል፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝም በሁለተኛው ቫልቭ በኩል መልሶ ይስበዋል። አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ላይ ተራ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ ግፊት ይዞ ፈሳሹ ቶሎ እንዳይፈላ የማያደርግ ክዳን በደጋ መንገድ እጅግ ጎጂ ነው።

የማልወድለት የመቀበያውን ማሰሪያ ነው፤ ቀጭን በመሆኑ በጠጠር መንገድ ይላላል፣ ስለዚህ በወፍራም ብረት ማስቀየር ይገባል። ሞተሩ እየሠራ በመቀበያው ውስጥ አረፋ ያለማቋረጥ የሚታይ ከሆነ ግን ችግሩ ምናልባት የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ቴስታታው ከሞተሩ አካል ጋር የሚገጥምበት ማሸጊያ) ስለሆነ፣ ገንዘባችሁን ለክዳን ሳታወጡ መካኒክ አስመርምሩ። ዳገት ከወጣችሁ በኋላም ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃዎች በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትሰጡት በዝቅተኛ ዙር) አቆዩት፤ ክዳኑንም ሳይበርድ ፈጽሞ አትክፈቱ።