አዲስ የተከፈተ «የአፍሪካ ክፍል»? ቲኬቱን ለጊዜው አትግዙ

ይህን የምጽፈው በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ላላችሁ፣ በተለይ ልጆች ላሏችሁ ነው። ሰሞኑን በየቴሌግራሙ የሚዞር ማስታወቂያ አለ። ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ አንድ የግል የእንስሳት ፓርክ «የአፍሪካ ክፍል» ከፍቻለሁ ይላል። ፎቶው ላይ ጥቁር ጋማ ያለው አንበሳና ቀጭኔ አለ። ከሥሩ ደግሞ «የአቢሲኒያ ማዕዘን» የሚል ጽሑፍ። የእኛ ሰው ይህን አይቶ እንዴት ያልፈዋል? እኛም ቤተሰቡን ሰብስበን ሄድን። ስሙን አልጠራም፤ ማስታወቂያው የደረሰው ሰው ያውቀዋል።

በትልቁ የተጻፈው 24 ዶላር የዋናው በር መግቢያ ብቻ ነው። አዲሱ ክፍል የራሱ ቲኬት አለው፤ በሰው 15 ዶላር። ይህን የምትሰሙት ግን ፓርኪንግ ከፍላችሁ፣ በሩን አልፋችሁ፣ ልጆቹ «ቀጭኔ! ቀጭኔ!» እያሉ ሲጎትቷችሁ ነው። እዚያ ቆሞ «በቃ እንመለስ» የሚል ወላጅ ካለ ጀግና ነው።

ሥራው ያምራል፣ አልዋሽም። የእንጨት ድልድዩና ሰው ሠራሹ ዓለት ጥሩ ገንዘብ ፈሶበታል። የጎደለው እንስሳው ነው። ቀጭኔዎቹ ከኋላ በረት ውስጥ ናቸው፤ ጆሯቸው ብቻ በመስኮት ይታያል። አንበሳው ግቢ ላይ «በቅርቡ ይጠብቁን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የአቢሲኒያ ማዕዘን የተባለው ደግሞ ሁለት እርኩም፣ ጥቂት ጅግራና ፍየሎች ነው። እርኩም በሳይንሳዊ ስሙም «የአቢሲኒያ» ስለሚባል ዋሹ ለማለት እንኳ አይመችም። ግድግዳው ላይ የጭላዳ ዝንጀሮ ሥዕል አለ፤ ከሥዕሉ በቀር ጭላዳ የለም። በነገራችን ላይ ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ በዱር የትም አይገኝም። ሣር እየነጨ የሚኖር ፍጥረት ነው፤ እዚያ ግን እንደ ሥጋ በል አውሬ ጥርሱን አግጦ ተስሏል። ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢን እያየች ያደገችው እናቴ ዞር ዞር ብላ አየችና «ፍየል ለማየት ነው ይህን ሁሉ መንገድ ያመጣችሁኝ?» አለች።

የፎቶው አንበሳም ቢሆን አያጓጓችሁ። የአዲስ አበባ አንበሶች በዘራቸው ከሌሎች እንደሚለዩ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አሳይቷል። ጥቁር ጋማ ግን በሌላ አካባቢ አንበሳም ላይ ይታያል። ጋማ አይታችሁ የአገሬ ልጅ ነው ብላችሁ አትክፈሉ።

እዚህ ላይ ለሠራተኞቹ ፍትሐዊ ልሁን። ከሌላ ቦታ የመጣ እንስሳ በሽታ እንዳያዛምት መጀመሪያ ለብቻው ይቆያል፤ ብዙ ጊዜ 30 ቀን አካባቢ። ከዚያ ቀስ እያለ አዲሱን ግቢ ይለማመዳል። ሲፈራ የሚሸሸግበት የኋላ በር ክፍት ይተውለታል። ይህ ትክክለኛ አሠራር ነው። አንበሳ ተኝቶ ብታገኙትም አትቆጡ፤ በቀን እስከ 20 ሰዓት የሚያርፍ እንስሳ ነው። ጥፋቱ ግቢው ባዶ ሆኖ ሙሉ ዋጋ ማስከፈሉ ነው። ዲሲ ያለው ብሔራዊ መካነ እንስሳት በጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ሁለት ፓንዳዎች ከቻይና ሲመጡለት ለሕዝብ ያሳያቸው ጥር 2025 ላይ ነው። ሦስት ወር ጠብቆ፣ እንስሳቱ ተለማምደው፣ ከዚያ በሩን ከፈተ። መግቢያውም ነፃ ነው።

ዋናው ወጥመድ ግን መውጫው ላይ ነው። ቅሬታ ስታሰሙ አንዲት ፈገግተኛ ልጅ የዓመት አባልነት ታቀርብላችኋለች። «የዛሬው ቲኬታችሁ ይቀነስላችኋል፣ አንበሳው ሲመጣ በነፃ ትገባላችሁ፣ ቅናሹ ዛሬ ብቻ ነው» ትላለች። ተናድዶ የነበረው ሰው ሁሉ ካርዱን ሲያወጣ አየሁ። ወረቀቱን ተቀብዬ አነበብኩት። በትንንሽ ፊደል ሁለት ነገር ይላል። ገንዘቡ አይመለስም። እንስሳት ለመምጣታቸውም ቀን አልተቆረጠም። ስለዚህ አንበሳው በሚቀጥለው ዓመት ቢመጣ የእናንተ አባልነት አልቋል ማለት ነው።

በዚያ ላይ አባልነቱ ሌላ ቦታ አይሠራም። የአሜሪካ የመካነ እንስሳትና አኳሪየሞች ማኅበር፣ በአጭሩ ኤዜድኤ የሚባል አለ። እሱ ያጸደቃቸው ብዙ ቦታዎች አንዳቸው የሌላውን አባል በግማሽ ዋጋ ያስገባሉ። የባልቲሞሩ የሜሪላንድ ዙ ከጸደቁት አንዱ ነው። ይህኛው ፓርክ ዝርዝሩ ላይ የለም። በሩ ላይ «በዩኤስዲኤ ፈቃድ»፣ ማለትም በአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር ፈቃድ፣ ብሎ በኩራት ለጥፏል። ያ ፈቃድ እንዲህ ዓይነት እንስሳ ለሕዝብ የሚያሳይ ሁሉ በሕግ የሚያወጣው ነው፤ ዝቅተኛውን መስፈርት እንጂ ጥራትን አያሳይም። ቁጥጥሩ ሲደረግ የሚጻፈው ሪፖርት ኢንተርኔት ላይ ለማንም ክፍት ስለሆነ፣ ከመሄዳችሁ በፊት የፓርኩን ስም አስገብታችሁ እዩ። የትም ቦታ ከአንበሳ ግልገል ጋር ፎቶ እናንሳችሁ ቢሏችሁ ደግሞ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ። ከታኅሣሥ 2022 ጀምሮ ሕዝብ ግልገል እንዲነካ ማድረግ በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው።

መሄድ የግድ ከሆነ ስልክ ደውሉና «ዛሬ ውጭ የሚታዩት የትኞቹ እንስሳት ናቸው?» ብላችሁ በስም ጠይቁ። አዲሱ ክፍል ለብቻው ይከፈልበት እንደሆነም አጣሩ። ኢቢቲ ካርድ (የመንግሥት የምግብ ድጎማ ካርድ) ያላችሁ «ሙዚየምስ ፎር ኦል» የሚባለውን ፕሮግራም አትርሱ፤ የሚሳተፉት ቦታዎች፣ ዙዎችም ጭምር፣ በሰው ከ3 ዶላር አያስበልጡም። ብሔራዊው ጋ ደግሞ ነፃውን ፓስ አስቀድማችሁ በኢንተርኔት ያዙ፤ ፓርኪንጉ ውድ ስለሆነ በሜትሮ ሂዱ።

በክሬዲት ካርድ ከፍላችሁ የተታለላችሁ ካላችሁ ጊዜ አታባክኑ። ቃል የተገባው አገልግሎት አልተሰጠኝም ብላችሁ ለባንኩ በጽሑፍ አመልክቱ። ክፍያው ያለበት የካርድ ሒሳብ መግለጫ ከተላከላችሁ ቀን ጀምሮ 60 ቀን አላችሁ። ማስታወቂያውን ስክሪንሾት አድርጉ፣ «በቅርቡ ይጠብቁን» የሚለውን ወረቀት ፎቶም አያይዙ።