ያገለገለ ሆሎ ቦዲ ቤዝ ልትገዙ ካሰባችሁ መጀመሪያ ለጋሼ አሳዩት

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ታኮማ ፓርክና ዲሲ አካባቢ ያላችሁ ሙዚቀኞች፣ በተለይ ቤዝ የምትጫወቱ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ሰሞኑን ያገለገለ ሆሎ ቦዲ፣ ማለትም አካሉ ውስጡ ባዶ የሆነ ቤዝ ጊታር ገዝቻለሁ። ደህና ዕቃ በአቅሜ ያገኘሁት በአንድ ሰው ምክንያት ነውና ምስጋናዬን በአደባባይ ማቅረብ እፈልጋለሁ። ሥራቸው ጊታር መጠገን ነው። የሚሰሩት እዚሁ ሜሪላንድ፣ ከቤታቸው ምድር ቤት ነው። ማስታወቂያ የላቸውም፣ ስማቸው እንዲወጣም አይፈልጉም። ስለዚህ እዚህ ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ።

ሆሎ ቦዲ የፈለግሁበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው ትከሻዬ ነው። ድፍን እንጨት የሆነው የተለመደው ቤዝ 4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ከሆሎ ቦዲዎቹ ግን 2 ኪሎ ተኩል የማይሞሉ አሉ። ቅዳሜ ማታ ሙሉውን ቆሞ ለሚጫወት ሰው ይሄ ትልቅ ልዩነት ነው። ሁለተኛውና ዋናው ድምጹ ነው። የሮሃ ባንዱን ጆቫኒ ሪኮን፣ የዋልያሱን መላኩ ተገኝን እየሰማን ያደግን ሰዎች የምንወደው የቤዝ ድምጽ አለ። ክብ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ቶሎ ተመትቶ ቶሎ ያልፋል። ትዝታ ሲጫወቱበት ለዘፋኙ ቦታ ይለቅለታል። ሆሎ ቦዲ ላይ ጠፍጣፋ ክር (ላዩ ለስላሳ የሆነው) ሲገባ ወደዚያ ድምጽ በጣም ይቀርባል።

ጋሼን ደውዬ «300 ዶላር ገደማ አለኝ፣ ምን ልግዛ?» አልኳቸው። የማርካ ስም ይጠሩልኛል ብዬ ስጠብቅ እሳቸው ጥያቄ ጀመሩ። «የት ነው የምትጫወቺው? ከበሮ መቺው ይጮሃል? ሞኒተሩ (መድረክ ላይ ራሳችንን የምንሰማበት ድምጽ ማጉያ) ከኋላሽ ነው ከፊትሽ?» ነገሩ ወዲያው አልገባኝም ነበር። ሆሎ ቦዲ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ከአምፕሊፋየሩ የሚወጣው ድምጽ ተመልሶ ይገባበትና ማጉረምረም ይጀምራል። ድምጽ በጣም ከፍ የሚደረግበት መድረክ ላይ የምትጫወቱ ከሆነ፣ መሃሉ ላይ ብሪጁን፣ ክሩ አካሉ ላይ የሚያርፍበትን ድጋፍ፣ የሚሸከም እንጨት የገባበትን ምረጡ። እንደ እኔ ምግብ ቤት ውስጥ በልኩ የምትጫወቱ ከሆነ ግን ሙሉ በሙሉ ባዶ የሆነውም ይሆናችኋል።

ቀጥለው ስለ ርዝመት አስረዱኝ። አብዛኛው ሆሎ ቦዲ አጭር ነው፤ ከነቱ (ክሩ አንገቱ ጫፍ ላይ ከሚያርፍበት) እስከ ብሪጁ 30 ኢንች ወይም 76 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የተለመደው ቤዝ 34 ኢንች ነው። ኤፒፎን የሚባለው ፋብሪካ በቤዝ ተጫዋቹ በጃክ ካሳዲ ስም የሚሰራው ሆሎ ቦዲ ግን ሙሉውን 34 ኢንች ስለሆነ፣ ከለመዱት ርዝመት መውጣት ለማይፈልጉ ሰዎች ጋሼ እሱን ይመክራሉ። ያገለገለውም ቢሆን ከእኔ በጀት በላይ ነበር። ጣቴም አጭሩን ነው የመረጠው።

እንግዲህ ፍለጋ ገባሁ። ሰው የሚሸጠውን ፎቶ እልክላቸዋለሁ፣ እሳቸው «ይሄን ተይው»፣ «ይሄን አምጪው» ይሉኛል። መጀመሪያ እንዳመጣው የፈቀዱልኝ የቫዮሊን ቅርጽ ያለው አሮጌ ቤዝ ነው። ይሄን ቅርጽ ዝነኛ ያደረገው ሆፍነር ነው። የጀርመኑ ፋብሪካ 500/1 የሚባለውን በ1950ዎቹ አጋማሽ አወጣ፤ ፖል ማካርትኒ በ1961 ሃምቡርግ ላይ ከገዛው ወዲህ ዓለም ሁሉ «የቢትልስ ቤዝ» ይለዋል። ጀርመን የተሰራው ዋጋው አይቀመስም። ሌሎች ፋብሪካዎች የገለበጡት ግን ብዙ አለ፣ ያየሁትም ከነዚያ አንዱ ነበር። ቀለሙ እንዴት እንደሚያምር!

ጋሼ ቀለሙን አላዩትም። ገልብጠው አንገቱ ከአካሉ ጋር የሚጋጠምበትን ቦታ ተመለከቱ። ከኪሳቸው ደረሰኝ አወጡና ጫፉን ወደ መጋጠሚያው ገፋ አደረጉት። ወረቀቱ ገባ። «አየሽ? ለቋል» አሉኝ። ክሩ ለዓመታት ሲስበው ኮላው ተሸንፏል ማለት ነው። አንገቱን አላቅቆ እንደገና ማጣበቅ ይቻላል፣ ግን የእጅ ዋጋው ከቤዙ ይበልጣል። ልብ በሉ፣ ያን ሥራ የሚሰሩት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። «ግዢው፣ እጠግንልሻለሁ» ቢሉኝ ኖሮ ገዝቼ እከፍላቸው ነበር።

ፍተሻቸውን ባየሁት ቁጥር ስለሚገርመኝ ትንሽ ልንገራችሁ። የጥርስ ሐኪም የሚይዛት ዓይነት ትንሽ መስታወት አለቻቸው። ፊቱ ላይ ቀዳዳ ካለው በእሱ ያስገቡና የስልክ መብራት እያበሩ ውስጡን ያያሉ። ፊቱን ከውስጥ የሚደግፉት ቀጫጭን እንጨቶች ለቀው ከሆነ እዚያ ይታያል። ከዚያ ገበያ ላይ ሸክላ ድስት እንደሚመረጠው በጣታቸው አጥንት ፊቱን ከዳር እስከ ዳር ቆርቆር ያደርጉታል። የለቀቀ ነገር ካለ ይንቀጫቀጫል። ጠርዙን በዓይን ደረጃ አድርገው ፊቱ ብሪጁ ጋ መስመጥ አለመስመጡን ያያሉ። አንገቱንም እንዲሁ። ብሪጁን ዝቅ ለማድረግ ቦታ መቅረቱን ሳይጠይቁ አያልፉም፤ ብሪጁ መሬት ነክቶ ክሩ አሁንም ከፍ ካለ ችግሩ የአንገቱ ነውና።

ሁለተኛው አርትኮር የሚባለው የአይባኔዝ ፋብሪካ ቤዝ ነበር። አንገቱ ቀጥ ያለ፣ ፍሬቱ (አንገቱ ላይ የተደረደረው ብረት) ያልተበላ ነው። የገመድ መሰኪያው ግን ወደ ውስጥ ገብቶ ዙሪያውን ሰንጥቆታል። የሆሎ ቦዲ ጎን ስስ ስለሆነ ገመዱ ላይ የረገጠ ሰው እንዲህ ያደርገዋል። ድፍን ቤዝ ላይ ቢሆን የአሥር ደቂቃ ሥራ ነበር። እንዲህ ያለው ሆሎ ቦዲ ግን ከጀርባው የሚከፈት ክዳን የለውም። ሽቦው፣ ቮሊዩሙ፣ ሁሉም በፊት ቀዳዳው ተጎትቶ ይወጣል፣ ተመልሶም በክር እየተሳበ ይገባል። ጋሼ ሂሳቡን በወረቀት ላይ ጻፉልኝና ለሻጩ አሳይተን ዋጋ እንዲቀንስ ጠየቅነው። አልቀነሰም፣ ተውነው።

ሦስተኛው የሆፍነር ኢግኒሽን ክለብ ነው። የሆፍነር ርካሹ መስመር ነው። ሻጩ ተማሪ ነው፤ «ድምጹ በጣም ደካማ ነው፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም» ብሎ ዋጋውን ወደ 250 ዶላር አውርዶታል። ልጁ ራሱ ይዞት ጋሼ ቤት መጣ። ፊቱ ተቆረቆረ። አንገቱ ተለካ። ሁሉም ደህና ነው። አምፕሊፋየሩ ላይ ሲሰኩት በእርግጥም ድምጹ ደከም ያለ ነበር። ጋሼ ፊቱ ላይ ካሉት ትንንሽ ማብሪያዎች አንዷን ወዲያ ገፋ አደረጓት። ቤዙ ክፍሉን ሞላው! ሆፍነር ላይ ሪትምና ሶሎ የሚል ማብሪያ አለ። ሪትም ላይ ሲሆን ሆን ተብሎ ድምጹን ይቀንሳል። ልጁ ይህን አያውቅም ነበር።

ጋሼ ወደ እኔ አልዞሩም። ወደ ልጁ ዞሩ። «ቤዝህ ጤነኛ ነው፤ ዋጋውን እንደገና ማሰብ ትችላለህ» አሉት። ልጁ 30 ዶላር ጨመረ፣ እኔም ከፈልኩ። የሚከፍላቸው ገዢ ሆኖ ሳለ ለሻጩም እውነቱን የሚናገር ባለሙያ ስንት አለ? እኔ እንዲህ ያለ ሰው ከዚህ በፊት አልገጠመኝም። ሰው ልኬላቸው ሰላም የምተኛው በዚህ ምክንያት ነው።

ከገዛሁ በኋላም አለቀቁኝም። ክር ራስሽ ከመግዛትሽ በፊት ደውዪልኝ አሉ። ለካ ሆፍነር ላይ ክሩ የሚታሰረው አካሉ ጫፍ ላይ ባለ መያዣ ስለሆነ ተራው የአጭር ቤዝ ክር አይበቃውም፤ ቀጭኑ ጫፍ ነቱ ላይ ያርፋል። የክር ፋብሪካዎቹ ላ ቤላም ፒራሚድም ለዚህ ቅርጽ ብለው የሚሰሩት ጠፍጣፋ ክር አላቸው። ውድ ነው፣ ግን ለዓመታት ይቆያል። ብሪጁም የተጣበቀ አይደለም፣ በክሩ ጭነት ብቻ ነው የሚቆመው። ስለዚህ ክሩን አንድ በአንድ ነው የሚቀይሩት፤ ሁሉንም ባንዴ ከፈታችሁት ብሪጁ ይወድቃል፣ ቅኝቱም ይበላሻል። ክረምት ላይ ደግሞ የቤት ማሞቂያው አየሩን እያደረቀ እንጨቱን ይሰነጥቀዋልና ሳጥኑ ውስጥ እርጥበት መስጫ አስቀምጡበት ይላሉ። ከ45 እስከ 50 በመቶ እርጥበት ይስማማዋል።

ለፍተሻ የሚያስከፍሉት 40 ዶላር ነው። ሙሉ ማስተካከያው ለብቻው ይታሰባል፣ ዋጋውን ግን ሥራ ሳይጀምሩ ይነግሯችኋል። አኮስቲክ፣ ክራር፣ ቤዝ ሁሉንም ያያሉ። አምፕሊፋየር አይነኩም። ስልክ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቅደውልኛል። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ አትደውሉላቸው፣ እሁድም ቤተ ክርስቲያን ናቸው። እሳቸው ሳያዩት ደግሞ ቀብድ አትክፈሉ።

ጋሼ፣ ልጆችዎ ይህን ካነበቡልዎት፣ እግዜር ይስጥልኝ። እጅዎ ይባረክ። ቅዳሜ ማታ እኛ ጋ ወንበር ተይዞልዎታል፤ ቤዙን መጥተው ይስሙት።