በኮተቤ የሚገኝ አንድ ወተት ቤት፦ ከባንኮኒው ጀርባ ያለው በረት

ላለፉት 14 ወራት ለቤተሰቤ ወተት የምገዛው በኮተቤ ከሚገኝ፣ ከመሸጫው ጀርባ የራሱ በረት ካለው አንድ አነስተኛ ወተት ቤት ነው። ባለቤቷ የቤቱ ስም እንዳይጠቀስ ስለጠየቁኝ ትቼዋለሁ። የሚታለቡ 11 ላሞች አሏቸው፤ ወተቱ ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ፣ ማታ ደግሞ ከ11 ሰዓት በኋላ ይሸጣል፤ ሳይሸጥ የተረፈው ለእርጎ፣ ለአይብና ለቅቤ ይውላል። ዋጋው ከሰፈሩ ሌሎች ሻጮች በሊትር 10 ብር ይበልጣል። ጣዕሙ ጥሩ ነው፤ ሲፈላም የሚሰፍረው ሰልባቦት ወፍራም ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ጤና ነው፤ የ3 ዓመት ልጅ እናት ነኝና፣ ወተት ስገዛ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያሳስበኝ ላሟ የበላችው መኖ፣ የያዛት በሽታና የተወጋችው መድኃኒት እስከ ልጄ ኩባያ ድረስ መምጣት አለመምጣቱ ነው።

መሸጫው ጠባብ ቢሆንም ንጹሕ ነው። ወተቱ የሚቀመጠው አፉ ጠባብ በመሆኑ ውስጡን በእጅ ማጠብ በማይቻል የፕላስቲክ ጀሪካን ሳይሆን ሰፊ አፍ ባለው የአልሙኒየም ዕቃ ነው፤ ማጥለያው ጨርቅም ከእያንዳንዱ አለባ በኋላ ተቀቅሎ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ደንበኛ ከጠየቀ ባለቤቷ የወተትን ውፍረት የሚለካውን ላክቶሜትር ወተቱ ውስጥ ነክረው ያሳያሉ፤ ውኃ የተጨመረበት ወተት ስለሚቀጥን መሣሪያው ከወትሮው ይበልጥ ወደ ታች ይሰምጣል። ይህ መልካም ልማድ ነው። ሆኖም ላክቶሜትር ስለ ውኃ እንጂ ስለ ተህዋስያን ምንም እንደማይናገር ገዢው ሊያውቅ ይገባል።

ወደዚህ ቤት የመጣሁት ከሌላ ሻጭ የገዛሁት ወተት ለእርጎ ብዬ ባስቀመጥኩት ጊዜ ሁለት ቀን ሙሉ ሳይረጋ ከቀረ በኋላ ነበር። ብርድም ወተትን ያዘገያል፤ ነገር ግን በዚያው ሳምንት፣ በዚያው ማሰሮ፣ ከሌላ ቦታ ያመጣሁት በአንድ ሌሊት ረጋ። የጡት በሽታ ይዟት አንቲባዮቲክ የተወጋች ላም ለቀናት መድኃኒቱን በወተቷ ታወጣለች፤ ያ ቅሪት ወተቱን የሚያረጉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይገታል፣ በሰው ሆድም ሲደጋገም መድኃኒቱን የተላመዱ ጎጂ ባክቴሪያዎች እንዲበረክቱ መንገድ ይከፍታል። ስለዚህ በአዲሱ ቤት የመጀመሪያ ጥያቄዬ የታከመች ላም ወተት የት ይደርሳል የሚል ነበር። ባለቤቷ መልስ ከመስጠት ይልቅ ወደ በረቱ ይዘውኝ ገቡ። ከዳር ከቆመችው ጥቁር ነጭ ላም ጭራ ላይ ቀይ ክር ታስሯል፤ አላቢው እርሷን ከሁሉም በኋላ፣ በተለየ ባልዲ አልቦ ወተቱን ሲደፋ አየሁ። በግድግዳው ላይ በተንጠለጠለ ደብተር የመድኃኒቱ ስም፣ የተወጋችበት ቀንና ወተቷ መሸጥ የሚጀምርበት ቀን በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፏል። አንድ ላም በቀን የምትሰጠውን ወተት ለተከታታይ ቀናት ማፍሰስ ለእንዲህ ያለ አነስተኛ ቤት ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ ይቻላል፤ የ10 ብሩን ልዩነት ያለ ቅሬታ የምከፍለውም በዚህ ምክንያት ነው።

በዚያው ቀን በአንዳንዶቹ ላሞች አንገት ላይ ፀጉሩ የተላጨ ሁለት ሁለት ቦታ አየሁ፤ የከብት ነቀርሳ ምርመራ ምልክት ነው። ሐኪሙ ቆዳው ውስጥ ጥቂት ፈሳሽ ይወጋና ከ72 ሰዓት በኋላ እብጠቱን ይለካል። በሽታው ካልፈላ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋል፤ በ2005 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት በማዕከላዊ ኢትዮጵያ የወተት እርባታዎች ወደ 3,000 የሚጠጉ ከብቶችን መርምሮ 30 በመቶ ገደማ የሚሆኑት የነቀርሳ ምልክት እንዳሳዩ ማረጋገጡን ለሚያውቅ፣ ያ የተላጨ ቦታ ትልቅ ነገር ነው። ባለቤቷ ምልክቱ የታየባቸውን ሁለት ላሞች ወደ ቄራ እንደሸኙ፣ ካሳ የሚሰጣቸው አካል ስለሌለ ኪሳራውን ብቻቸውን እንደተሸከሙ ነግረውኛል። የሕዝብን ጤና የሚጠብቅ ውሳኔ ሙሉ ዋጋው በአንዲት ሴት ትከሻ ላይ መውደቁ ተገቢ ነው ብዬ አላምንም፤ ላሟን በዝምታ ለሌላ ገዢ የሚያሻግር አርቢ የሚበረክተውም ከዚሁ የተነሣ ነው።

የቤቱ ደካማ ጎን መኖው ነው፤ በዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ። ላሞቹ ድርቆሽ፣ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ፣ ማለትም ኑግ ዘይቱ ተጨምቆ ከወጣ በኋላ የሚቀረውን ተረፈ ምርት፣ ይበላሉ። የፋጉሎው ጆንያዎች እርጥበት በሚወርደው ግድግዳ ተደግፈው መሬት ላይ ቆመው ነበር፤ የአንዱን አፍ ፈትቼ ስመለከት ከጥግ በኩል ቁርጥራጮቹ ተያይዘው፣ አረንጓዴ ግራጫ ሻጋታ ለብሰው አገኘኋቸው። አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ የሚመነጨው ከእንዲህ ያለ ሻጋታ ነው፤ ጉበትን ይጎዳል፣ ለጉበት ካንሰርም ይዳርጋል፣ የጉበት ቫይረስ ባለበት ሰው ደግሞ አደጋው ይበረታል። ላሟ በበላችው በአንድ ቀን ውስጥ ወተቷ ላይ ይታያል፤ ወተቱን ማፍላትም ሆነ ማርጋት አያጠፋውም። ዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም የተሳተፈበትና በ2008 ዓ.ም. ብዙ ያነጋገረው ጥናት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ከአርቢዎችና ከነጋዴዎች የተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎችን ሲመረምር መርዙን በሁሉም አግኝቶታል፤ አውሮፓ ከፈቀደችው በሊትር 0.05 ማይክሮግራም ያልበለጡት 9 ብቻ ነበሩ፤ ዋናው ምንጭም የኑግ ፋጉሎ ሆኖ ተገኝቷል። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ወተት መግዛት አቁሞ ነበር።

ጆንያውን ሳሳያቸው ባለቤቷ አልተቆጡም። «እኔ የምገዛው ከነጋዴ ነው፤ ነጋዴውም ከዘይት መጭመቂያ ነው የሚያመጣው፤ የት እንደሻገተ በምን አውቃለሁ ልጄ?» አሉኝ። «እትዬ፣ የሻገተውን ግን መለየት ይችላሉ» ስላቸው ጥቂት ዝም አሉና ጆንያውን ወደ ውጭ እንዲያወጣው ለአላቢው ነገሩት። መልካሙ ነገር የተበከለው መኖ ሲቀየር መርዙ ከወተቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚቀንስ መሆኑ ነው፤ መፍትሔውም ጆንያን ከመሬት ከፍ እንደማድረግ፣ በዝናብ ወራት ጥቂት ጥቂቱን እየገዙ ቶሎ እንደመጨረስ ያለ ከአቅም በላይ ያልሆነ ነገር ነው። ሆኖም ሻጋታ በዓይን ሳይታይም መርዝ ሊኖር ስለሚችል፣ መኖው በየጊዜው የሚመረመርበት አገልግሎት ለእንዲህ ያሉ ትንንሽ ቤቶች እስካልቀረበ ድረስ ባለቤቷ ብቻቸውን ሊያደርጉ የሚችሉት ውስን ነው።

በአገልግሎት በኩል አንድ ጊዜ ብቻ ተቸግሬያለሁ። የትንሣኤ ዋዜማ ገበያው በርትቶ የጠዋቱና የማታው ወተት ተቀላቅሎ ስለተሸጠ፣ እቤት ሳፈላው ተቋጠረ። በማግስቱ ስነግራቸው ገንዘቤን ሳይከራከሩ መለሱልኝ። በዓቢይ ጾም 55 ቀናት ደግሞ ገዢ ስለሚቀንስ ወተቱ ይተርፋል፤ በዚህ ወቅት የሚሠሩት ቅቤና አይብ ምርጥ ነው፤ የወይራ ጭሱ ልክ ነው። አይቡ ግን ካልፈላ ወተት ከሚወጣ አሬራ ስለሚሠራና ለብ ተደርጎ ብቻ ስለሚነሣ፣ ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር አላቀርበውም።

ይህን ሁሉ ጽፌ ከዚህ ቤት መግዛቴን አላቆምም፤ ለጎረቤቶቼም እጠቁማለሁ። በ2011 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የጤና ዳሰሳ ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው የቀነጨሩ በነበሩበት አገር፣ ወተትን ከልጅ ኩባያ ማራቅ መፍትሔ ሊሆን አይችልም። ወተቱን እንደገዛሁ ወዲያውኑ ገንፍሎ እስኪነሣ አፈላዋለሁ፤ ይህም ነቀርሳንና ብሩሴሎሲስ የተባለውን ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ የትኩሳት በሽታ ይከላከልልኛል። ለመኖው ግን የምተማመነው በባለቤቷ ጥንቃቄ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ስሄድ ጆንያዎቹ በአዲስ የእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ርቀው ተደርድረው አገኘኋቸው፤ የጣሪያው ፍሳሽ ገና አልተጠገነም፣ ክረምቱ ሳይገባ እንደሚያስጠግኑት ቃል ገብተውልኛል።