ሃንጋር ወይስ ኮንቴይነር? የበርሊን ቴምፕልሆፍ ልምድ

በርሊን እ.ኤ.አ. በ2015 መጸው የተዘጋውን የቴምፕልሆፍ አውሮፕላን ማረፊያ ሃንጋሮች፣ ማለትም ትልልቅ የአውሮፕላን ማቆሚያ አዳራሾች፣ ለስደተኞች ከፈተች። ጣሪያው ዝግጁ ስለነበር ሰው ቶሎ ገባ። የመኝታ ክፍሎቹ ግን በአጫጭር ግድግዳ ብቻ የተከፈሉ፣ ከላይ ክፍት ነበሩ፤ አንድ ሕፃን ሲያለቅስ ጎረቤቱ ሁሉ ይነቃ ነበር። ምግብ ተሠርቶ ይመጣ ነበር እንጂ ማብሰል አይቻልም ነበር።

በኋላ እዚያው አጠገብ የተሠራው ቴምፖሆም የተባለ ጊዜያዊ የኮንቴይነር መኖሪያ በእያንዳንዱ ምድብ ሦስት ኮንቴይነሮችን ያጋጥም ነበር፦ ዳርና ዳሩ መኝታ፣ መሃሉ መግቢያ፣ ወጥ ቤትና መታጠቢያ። እናት ለልጆቿ የለመዱትን ታበስል ነበር፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሁለት የማይተዋወቁ ቤተሰቦች ከተደረቡበት ግን መሃሉ የጭቅጭቅ ቦታ ይሆናል፤ አንድ ምድብ ለአንድ ቤተሰብ ይሰጥ። በአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ላይ መኖሪያውን የማቆም ፈቃድም እስከ 2019 መጨረሻ ብቻ ስለነበር ነዋሪው እንደገና ተነሣ።

ሃንጋር ለጥቂት ሳምንታት ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ለሚቆይ ሰው ምድጃና የበር ቁልፍ የግድ ነው።