ለስለስ ያለ የቤዝ ድምፅ ለሚፈልግ፦ የትኛውን ክር ይግዛ?

አዲስ የቤዝ ጊታር ክር የመጀመሪያ ሰሞን ይጮኻል። ጭንግ ጭንግ የሚል የብረት ድምፅ አለው። ለአንዳንድ ሙዚቃ ይመቻል፤ ቀስ ያለ የትዝታ ዜማ ስር ሲገባ ግን ጆሮ ይበሳል።

ጂማ ሆኖ ክር መግዛት ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ያለ ሰው ማስቸገር ነው። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የመጣ ዕቃ ደግሞ «አልወደድኩትም» ተብሎ አይመለስም። ስለዚህ ከማዘዛችሁ በፊት ወስኑ።

ራውንድዋውንድ የሚባለው ክር ላዩ የተጠመጠመው በክብ ሽቦ ነው። ጥፍር ሲያስኬዱበት ክርርር ይላል። ፍላትዋውንድ የተጠመጠመው በጠፍጣፋ ሽቦ ስለሆነ ጣት ዝም ብሎ ይንሸራተታል። ሌላው ልዩነት ሁሉ ከዚህ ይመጣል። የራውንዱ ጥምጥም መሃል ላብ፣ የቆዳ ቅባትና ብናኝ ሲገባ ቀጭኑን ድምፅ ያፍነዋል፤ ክሩ «ለሰለሰ» የምንለው ያኔ ነው። ፍላቱ ግን ከፋብሪካው ሲወጣም ጨዋ ነው።

ራውንድ ከገዛችሁ ማለስለሻው መጫወት ነው። በየቀኑ ለሚለማመድ ሰው በጥቂት ሳምንት ይለወጣል። የጂማ እርጥበትም የራሱን ያግዛል፣ ክሩን ከዝገት ከጠበቃችሁት። ክሩን በእጅ ሳብ ሳብ ማድረግ ቅኝቱ ቶሎ እንዲረጋ ይረዳል እንጂ ጩኸቱን አይቀንስም። ቫዝሊን መቀባት ጣትና ፍሬት (አንገቱ ላይ ያሉት የብረት ዘንጎች) ያለበትን ሰሌዳ ማጨማለቅ ነው። «ቀቅለው» የሚልም አይጠፋም። መቀቀል እኮ ቆሻሻውን አውጥቶ የሞተ ክር ለጥቂት ቀን መልሶ ያስጮኻል! እኛ የምንፈልገው ተቃራኒውን ነው።

ከራውንድ ውስጥ ኒኬል የተለበጠውን ምረጡ። ስቴይንለስ ስቲል የበለጠ ይጮኻል፣ ፍሬትም ቶሎ ይበላል። ኮትድ የሚባለው ቆሻሻ እንዳይገባበት የተሸፈነ ነው፤ ለእናንተ ዓላማ ተጨማሪ ብር ከፍሎ ጩኸት ማራዘም ይሆናል።

ፍላት ብዙ ጊዜ የራውንድን እጥፍ ገደማ ያስከፍላል። ግን ለዓመታት ይቆያል። ሞታውን በተባለው የአሜሪካ ሙዚቃ ኩባንያ ቤዝ ይጫወት የነበረው ጄምስ ጀመርሰን ክሩ ካልተበጠሰ አይቀይርም ነበር፤ የሚጫወተውም በፍላት ነበር። ጉዳቱ ምንድነው? ስላፕ ላይ (ክሩን በአውራ ጣት እየመቱ መጫወት) አይመልስም። ብዙዎቹ ፍላቶች ውጥረታቸውም ከበድ ስለሚል አንገቱን ሊያጎብጡት ይችላሉ፤ ከገጠማችሁት በኋላ በማግስቱ እዩት።

ጥቁር ናይለን የለበሰውም ለስላሳ ነው፤ ወፍራም ስለሆነ ግን ነቱ (አንገቱ ጫፍ ላይ ክሩ የሚቀመጥበት ባለ ቦይ ቁራጭ) ላይ አልገባ ሊል ይችላል። ሃፍዋውንድ የሚባለው በራውንድና በፍላት መካከል ያለ መሃል ሰፋሪ ነው። እኔ አልገዛውም።

ቅዳሜ ሰርግ፣ እሁድ ቸርች የምትጫወቱ ከሆነ ኒኬል ራውንድ ይሻላችኋል። ለስላሳ ሲያስፈልግ ጊታሩ ላይ ያለውን የቶን ቁልፍ ዝቅ አድርጉ፣ ወደ አንገቱ ጠጋ ብላችሁ ምቱ፣ ብሪጁ (ክሩ ገላው ላይ የሚታሰርበት ብረት) አጠገብ ከክሩ ስር ቁራጭ ስፖንጅ ሸጉጡ። ስፖንጅ ከፍራሽ ቤት ይገኛል። ሁልጊዜ የሚያምራችሁ ያ የድሮ ዱም ዱም ከሆነ ግን ራውንድ ገዝቶ እስኪያረጅ መጠበቅ ምን አደከማችሁ? ፍላት ግዙና ግልግል በሉ።

ለሚገዛላችሁ ሰው «የቤዝ ክር» ብቻ ብላችሁ አትላኩ። ባለ 4 ወይም ባለ 5 መሆኑን፣ ፍላት ወይም ራውንድ መሆኑን፣ ውፍረቱን (ለባለ 4 የተለመደው ከ45 እስከ 105 ነው፣ በሺኛ ኢንች) ጻፉለት። ከነት እስከ ብሪጅ ለኩ፤ 86 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ 34 ኢንች ነው፣ ሎንግ ስኬል በሉት። ሲመጣ ትርፉን ከመቁረጣችሁ በፊት መቁረጫው ቦታ ላይ ክሩን በፒንሳ እጠፉት። ሳይታጠፍ የተቆረጠ ክር ጥምጥሙ ሊላላ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ማስላክ ነው።