ጋሊየም ስካን ያዋጣል፣ የባዮፕሲው ቁጥር አብሮት ካለ

ጋሊየም ዶታቴት ፔት ሲቲ (ጨረር የሚያወጣ መድኃኒት ተወግቶ የሚነሳ የሰውነት ምስል) የኒውሮኢንዶክራይን ዕጢ (ሆርሞን ከሚያመነጩ ሴሎች የሚነሳ ዕጢ) ላለበት ሰው ያዋጣል ወይ ለምትሉኝ፣ አዎ፣ በደንብ ያዋጣል። የእኔ ዕጢ ከትንሹ አንጀት ተነስቶ ጉበት ደርሷል። ስለ ስካኑ ከማውራቴ በፊት ግን የባዮፕሲውን ነገር፣ ማለትም ከዕጢው ተወስዶ በላቦራቶሪ የሚመረመረውን ናሙና ነገር ልናገር። አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው።

የመጀመሪያው ላቦራቶሪ ከጉበቴ በመርፌ የተወሰደውን ናሙና አይቶ የሰጠኝ ውጤት አንድ መስመር ነበር። «ኒውሮኢንዶክራይን ዕጢ» ይላል፣ አለቀ። ደረጃ የለው፣ ቁጥር የለው። እስካሁን ያበሽቀኛል። በዚህ በሽታ ሐኪም ስሙን ብቻ ይዞ ሕክምና መምረጥ አይችልም።

ሁለተኛው ላቦራቶሪ ያንኑ ናሙና ወስዶ በወጉ ሠራው። ክሮሞግራኒን ኤ እና ሲናፕቶፊዚን የሚባሉት ፕሮቲኖች መኖራቸውን አረጋገጠ፤ የዕጢው ዓይነት የሚለየው በእነሱ ነው። ከዚያ ኬአይ 67ን ቆጠረ። ይሄኛው ፕሮቲን የሚገኘው በመራባት ላይ ባለ ሴል ውስጥ ነው። ናሙናውን የመረመሩት ሐኪም (ፓቶሎጂስቷ) በስክሪን አሳዩኝ፤ ከሰማያዊዎቹ ኒውክሊየሶች (የሴል እምብርቶች) መሃል አልፎ አልፎ ቡናማ ጣል ጣል ብሏል፤ ቡናማው ኬአይ 67 ያለበት ነው። ቡናማው በበዛበት ቦታ ቢያንስ 500 ሴል ይቆጠራል። ከ3 በመቶ በታች ደረጃ 1፣ ከ3 እስከ 20 ደረጃ 2፣ ከዚያ በላይ ደረጃ 3 ነው። ከ20 ሲያልፍ የሴሎቹ መልክም ወሳኝ ነው፤ ቅርጻቸው ፈጽሞ ከተበላሸ ካርሲኖማ ይባላል፣ ሕክምናውም ይለያል። የእኔ 4 በመቶ መጣ።

ስካኑ ራሱ ቀላል ነው። ጋሊየም 68 በ68 ደቂቃ ውስጥ ግማሹ ስለሚጠፋ ቀጠሮ ላይ ማርፈድ ብሎ ነገር የለም። ክንድ ላይ ይወጋሉ፣ አንድ ሰዓት ያህል ያስጠብቃሉ፣ ከዚያ ማሽኑ ላይ መተኛት ነው። መድኃኒቱ በዕጢው ሴሎች ላይ ያለውን የሶማቶስታቲን (የአንድ ሆርሞን) ተቀባይ ፈልጎ ይጣበቃል፣ ምስሉ ላይም ያበራል። ጣፊያና ኩላሊትም ያበራሉ፤ የተለመደ ነውና አትደንግጡ። ምስሉን ያነበቡት ሐኪም ቆሽቴ ራስ ላይ የታየችውን ፍካት «ጤናማ» ብለው ለይተው ጽፈዋል። እዚያ ቦታ ላይ ጤነኛውን ከዕጢ ማምታታት ስላለ ጥንቃቄያቸውን ወድጄዋለሁ። ተራው የሲቲ ምርመራ ያላሳየውን የዳሌ አጥንት ነጠብጣብም ያገኙት በዚሁ ነው።

ከሁሉ የጠቀመኝ ግን ያልበራው ነው። ጉበቴ ላይ ካሉት ነጠብጣቦች አንዱ ደብዛዛ ሆነ። ሐኪሞቹ ዝም ብለው አላለፉትም። ስኳር የሚጠቀም ሴልን የሚያሳየውን ኤፍዲጂ ፔት አዘዙ። እዚያ ላይ ያ ደብዛዛው ቦግ አለ። መርፌው ወደዚያው ተላከ፣ የኬአይ 67 ውጤቱ 18 በመቶ ወጣ።

እንግዲህ አስቡት። 4ም 18ም ወረቀት ላይ ያው ደረጃ 2 ናቸው። አካሄዳቸው ግን ለየቅል ነው። መርፌ የሚነካው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ሌላውን ቦታ የጠቆመው ምስሉ ነው። ምስሉ ብቻውን ደግሞ ይህን ቁጥር አይነግረኝም ነበር። ዕጢውን በጨረር የሚመታው የሉቴሺየም 177 ሕክምናም የሚይዘው ያንኑ የሶማቶስታቲን ተቀባይ ነው። ስለዚህ በጋሊየም ላልበራው ነጠብጣብ ሌላ መላ እየመከሩልኝ ነው።

ቅር ያለኝ ነገር ቢኖር ምስሎቹን በሲዲ ሳይሰጡኝ ወረቀት ብቻ ይዤ መሄዴ ነው። ሲዲውን ያገኘሁት ተመላልሼ ነው። ለሌላ ሐኪም ማሳየት ሲያስፈልግ ወረቀት አይበቃም። በዚህ የተነሳ ከ5 ኮከብ 4 እሰጣለሁ።

ስትሄዱ የፓቶሎጂ ውጤታችሁን ያዙ፣ ቁጥሩ ከሌለበት አስጽፉ። ያንኑ ተቀባይ የሚይዘውን የኦክትሪዮታይድ መርፌ የምትወስዱ ከሆነ ደግሞ መጨረሻ የተወጋችሁበትን ቀን ቀጠሮ ስትይዙ ንገሯቸው።