ሳይክል ለምትነዱ የጅማ ልጆች፦ ጋሼን ላስተዋውቃችሁ

ሰላም የጅማ ልጆች። ይህን ጽሁፍ መጻፍ የነበረብኝ ገና ሐምሌ ላይ ነው። አሁን ነሐሴ እየተገባደደ ነው፤ ውለታ ተሸክሜ አዲስ ዓመት መግባት አልፈለግኩም። ዘንድሮ ክረምቱን በሙሉ ሳይክል ነድቻለሁ። በጅማ ዝናብ፣ በጅማ ጭቃ። ከሰኔ አጋማሽ ወዲህ በሳይክሌ ብልሽት ምክንያት የቀረብኝ ልምምድ አንድም የለም። ለዚህ የማመሰግናቸው አንድ ሰው አሉ።

መርካቶ አካባቢ፣ ጎሚስታዎቹን አለፍ ብሎ፣ ጠባብ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሳይክል የሚጠግኑ አባት ናቸው። ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ስማቸውንና ስልካቸውን እንዳልጽፍ ነግረውኛል። «የፈለገኝ ሰው ጠይቆ ይመጣል» አሉ። እውነታቸውን ነው። እዚያ ሰፈር ያለ የባጃጅ ሹፌር ሁሉ ያውቃቸዋል።

መጀመሪያ እኛ የምንለማመደውን ነገር ላስረዳ። ሳይክሎክሮስ ይባላል። በሳር፣ በጭቃና በአሸዋ ላይ አጭር ዙር እየተዞረ የሚካሄድ የብስክሌት ውድድር ነው። አንዱ ዙር 3 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ለትልልቆቹ ወንዶች ውድድሩ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። መንገዱ ላይ ሆን ተብሎ ሳንቃ ይተከላል። ሳንቃው ጋ ሲደርስ ወይም ዳገቱ ሲከብድ ተወዳዳሪው ይወርዳል። ሳይክሉን ትከሻው ላይ ያደርግና ይሮጣል። ከዚያ እየሮጠ ዘሎ ይወጣል። የዓለም ሻምፒዮናው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950 ፓሪስ ላይ ነው። ዛሬ ቤልጅየምና ሆላንድ ውስጥ ሕዝቡ ዝናብ ላይ ቆሞ ነው የሚያየው።

እኔን ወደ ሳይክል የሳበኝ ግን ጽጋቡ ግርማይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስ ላይ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ሲሰለፍ ነው ሳይክልን እንደ ስፖርት ማየት የጀመርኩት። ከመንገዱ ወደ ጭቃው ያመጣኝ አንድ ጓደኛዬ ነው፤ በስልኩ የሳይክሎክሮስ ቪዲዮ አሳየኝ፣ በዚያው ቀረሁ። አሁን ስድስት ነን። ጥቅምት ላይ፣ ሜዳው ሳይደርቅ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በመካከላችን እንወዳደራለን። ዳኛም ሽልማትም የለም። ግን ከልባችን ነው።

አውሮፓ ውስጥ የውድድሩ ወቅት መስከረም አካባቢ ጀምሮ እስከ የካቲት ይዘልቃል። ስለዚህ ብስክሌተኞቹ በበጋቸው ደረቅ አስፋልት ላይ ጉልበት ያጠራቅማሉ፤ ጭቃውን የሚያገኙት በኋላ ነው። እኛ ጋ ተገላቢጦሽ ነው። ፈረንጅ በጋ የሚላቸው ሐምሌና ነሐሴ እኛ ጋ ዶፍ ናቸው። ልምምዱም ጭቃ፣ ውድድሩም ጭቃ። ሰው ቢችለው ሳይክል አይችለውም።

የኔም አልቻለውም ነበር። አሮጌ የተራራ ሳይክል ነው፣ በሁለተኛ እጅ የገዛሁት። ከየልምምዱ በኋላ ላቫጆ ወስጄ በግፊት ውሃ አሳጥበው ነበር። ሲወጣ ያበራል። ደስ ይለኝ ነበር። ሰኔ መጀመሪያ ላይ የኋላ ጎማው ሲዞር ጠጠር እንደሚፈጭ ያለ ድምፅ ማሰማት ጀመረ። አንድ ቦታ ወሰድኩት። ጎማውን አንዴ አዞሩና «ቸርኬው ከነእምብርቱ ይቀየር» አሉኝ። ቸርኬ ጎማው የሚገጠምበት የብረት ቀለበት ነው፤ እምብርት ደግሞ መሃሉ ላይ ያለው የሚሽከረከርበት ክፍል። የጠሩልኝን ዋጋ ስሰማ ልምምዱን ለዘንድሮ ላቆም ወስኜ ነበር። ያን ዕለት ማታ ነው ጓደኛዬ «ጋሼ ሳያዩት ምንም እንዳታደርግ» ያለኝ።

ጋሼ ሳይክሉን ገልብጠው አቆሙት። ጎማውን አሽከረከሩት። ከዚያ የካቻቢቴውን ጫፍ እምብርቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሐኪም ደረት ሲያዳምጥ አይታችኋል? እንደዚያ ነው።

«ውሃ ጠጥቷል» አሉ። «የት ነው የምታሳጥበው?»

«ላቫጆ።»

ምንም አልተናገሩም። ፈቱና አሳዩኝ። ውስጡ ያለው ግራሶ ማኪያቶ መስሏል። ግራሶ ከውሃ ጋር ሲደባለቅ እንደዚያ ይነጣል አሉኝ። የግፊቱ ውሃ በጎን ገብቶ ነው። እንደ ብይ የሚሽከረከሩትን ትንንሽ የብረት ኳሶች አንድ በአንድ አውጥተው በነጭ ጋዝ አጠቡ። ጋዜጣ ላይ ደረደሯቸው። በግራ 9፣ በቀኝ 9፣ በድምሩ 18። እያንዳንዷን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል እያንከባለሉ ፈተሹ። አምስቱ ተበልተዋል። እኔ አምስቱ ብቻ የሚቀየሩ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን 18ቱንም ቀየሩ። «አሮጌና አዲስ አብሮ ሸክም አይሸከምም፣ አንዱ አንዱን ይበላዋል» አሉኝ። ኳሶቹ ርካሽ ናቸው። ቸርኬው ምንም አልሆነም ነበር። ትንሽ ወላገድ ብሎ ስለነበር እሱንም አቀኑት።

አቃናናቸውን ማየት ደስ ይላል። ጎማውን ያሽከረክሩና ጠመኔ ጠጋ አድርገው ይይዛሉ። ቸርኬው የጎበጠበት ቦታ ጠመኔውን ይነካል፣ ነጭ ምልክት ይቀራል። ከዚያ በተቃራኒው በኩል ያሉትን ሽቦዎች ሩብ ዙር ያጠብቃሉ። ከሩብ ዙር በላይ አያዞሩም። «ሱታ፣ ሱታ» ይላሉ ለራሳቸው፣ ቀስ ማለታቸው ነው። እንደገና ያሽከረክራሉ። እንደገና ጠመኔ። ጠመኔው ዙሪያውን እኩል እስኪነካ ድረስ ይቀጥላሉ። እኔ ቆሜ አርባ ደቂቃ ያህል አየሁ። የተጠየቅኩት ሂሳብ ያኛው ቦታ ከጠሩልኝ አንድ አስረኛውን እንኳ አይሞላም።

ሁለተኛው ነገር ጎማው ነው። ይህን ጭቃ ላይ የምትነዱ ሁሉ ብትሰሙት ጥሩ ነው።

የምንለማመድበት ሜዳ ወደ ቂቶ በሚወስደው በኩል ያለ የግጦሽ መሬት ነው። የኛን ቀይ ጭቃ ታውቁታላችሁ። ይጣበቃል። ሁለት ዙር ከዞርኩ በኋላ ጭቃው ፍሬኑና ፓራፋንጎው ውስጥ ይጠቀጠቅና ጎማው መዞሩን ያቆማል። እኔ መፍትሔው ሰፊና ጥርሱ ትልልቅ የሆነ ጎማ መስሎኝ ነበር። ገንዘብ አጠራቅሜ ገዝቼ ሄድኩ። ጋሼ አውራ ጣታቸውን በጎማውና በፍሬኑ መሃል ለማስገባት ሞከሩ። አልገባም።

«ጭቃው በየት ይውጣ?» አሉኝ።

ሰፊውን ጎማ መልሼ በቀጭን እንድቀይረው መከሩኝ። ፓራፋንጎውን ፈቱት። ቀጭኑ ጎማ ለጭቃው መውጫ ይሰጠዋል። በዚያ ላይ ላዩን ለስላሳ ጭቃ ሰንጥቆ ከስር ያለውን ጠንካራ መሬት ይይዛል። በበነጋው አምስት ዙር ሳልቆም ዞርኩ። በኋላ ሳነብ የሳይክሎክሮስ ዓለም አቀፍ ሕግም የጎማውን ስፋት በ33 ሚሊ ሜትር እንደሚገድብ አየሁ። ጋሼ ስለዚያ ሕግ ሰምተው አያውቁም። እጃቸው ነው የነገራቸው።

ቪዲዮውን ያሳየኋቸው ያን ጊዜ ነው። ሳይክሎክሮስ ላይ ተወዳዳሪው ሁለት ሳይክል ይዞ መምጣት ይችላል። አንዱ ጭቃ ሲሞላው መቀየሪያው ቦታ ገብቶ ንጹሑን ይወስዳል። የቆሸሸውን ረዳቶቹ አጥበው፣ ፈትሸው፣ ተመልሶ እስኪመጣ ያደርሱለታል። እኔ የማሳያቸው ውድድሩን የሚመራውን ልጅ ነበር። እሳቸው ግን «እነዚያን የሚያጥቡትን ልጆች መልሰህ አሳየኝ» አሉ። ሦስት ጊዜ መለስኩላቸው። ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩ። «አየህ፣ ውሃውን ከላይ ወደ ታች ነው የሚለቁት። እምብርቱን በጎን አይመቱትም።» ይህን ቪዲዮ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ አንድም ቀን ያንን አላስተዋልኩም።

ከዚያ ወዲህ ላቫጆ አልሄድም። አንድ ባልዲ ውሃ፣ ለስላሳ ብሩሽና ጨርቅ ይበቃል። ከላይ ወደ ታች። ካቴናውን በደረቅ ጨርቅ ይዤ ወደ ኋላ አዞራለሁ፣ ሲደርቅ በየመገጣጠሚያው አንድ ጠብታ ዘይት፣ ትርፉን እጠርጋለሁ። ዘይት በዝቶ ከቀረ አፈር ይሰበስባልና። ሃያ ደቂቃ አይፈጅም።

ልምምዱን በተመለከተ ባጭሩ፦ ማክሰኞ ጅሬን ነው፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚያስወጣው ዳገት። አራት ጊዜ እንወጣለን፣ የመጨረሻውን ሳይክሉን ትከሻ ላይ አድርገን በሩጫ። ሐሙስ ሜዳው ላይ መውረድና መውጣት ብቻ። ቅዳሜ በሰርቦ መንገድ ደርሶ መልስ፣ ሳንቸኩል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እንወጣለን፤ ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት ነው የሚጥለው። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ1700 ሜትር በላይ ናት። ሌላው ዓለም ለልምምድ ብሎ ከፍታ ፍለጋ ይሄዳል፣ እኛ በራችን ላይ አለን።

ጎማ ሲተነፍስስ? ጋሼ ከመነዳሪውን ውሃ ውስጥ ነክረው አረፋውን ካዩ በኋላ ቀዳዳውን ያነቡታል። አንድ ቀዳዳ ከሆነ እሾህ ወይም ምስማር ነው። ሁለት ቀዳዳ ጎን ለጎን ከሆነ አየሩ አንሶ ቸርኬው ድንጋይ ላይ ነክሶታል። እሾህ ከሆነ ደግሞ ማስቲሽ ከመቀባታቸው በፊት ትንሽ ጥጥ ይዘው የጎማውን ውስጥ ዙሪያውን ያብሳሉ። ጥጡ የተያዘበት ቦታ እሾሁ አለ። ስንቶቻችን ነን ቀዳዳውን አስደፍነን፣ እሾሁን እዚያው ትተን፣ ሰፈር ሳንደርስ ደግሞ የተነፈሰብን!

ሐምሌ መጨረሻ ላይ አዲስ ካቴና ገዝቼ ሄድኩ። «ይቀይሩልኝ» አልኳቸው። ማስመሪያ አወጡ። ከአሮጌው ላይ 24 ቀለበት ቆጥረው ለኩ። አዲስ ሲሆን 30 ሴንቲ ከ5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ተስቦ 30 ሴንቲ ከ8 ሚሊ ከደረሰ ማርሹን መብላት ይጀምራል አሉኝ። የኔው ገና 6 ላይ ነበር። አዲሱን ካቴና በወረቀት ጠቅልለው መልሰው ሰጡኝ። «መስከረም ላይ ይዘኸው ና።» ለመለካቱ አንድ ብር አልተቀበሉም። እጄ ላይ ገንዘብ ይዤ የቆምኩ ደንበኛ ነበርኩ። ቀይረው ቢያስከፍሉኝ አመስግኜ ነበር የምሄደው።

ነሐሴ ውስጥ ደግሞ አርብ ማታ የማርሹ ሽቦ ተበጠሰብኝ። ቅዳሜ ጠዋት የዓመቱ ረጅሙ ልምምዳችን ነበር። ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሱቃቸው ተዘግቶ አገኘኋቸው። መብራትም ጠፍቷል። ልመለስ ስል «ና ልጄ፣ ስልክህን አብራ» ብለው ከፈቱ። እኔ መብራቱን ይዤ፣ እሳቸው በፒንሳ ሽቦውን እየሳቡ ሠሩልኝ። እጃቸው ላይ ያለውን ጥቁር ግራሶ በዚያ ብርሃን እያየሁ ልቤ ተነካ። ይህን ጽሁፍ ለመጻፍ የወሰንኩት ያን ማታ ነው።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ይህን ልጅዎ እንዲያነብልዎት ነግሬዋለሁ።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ሐሙስ የገበያ ቀን ስለሆነ ወረፋ አለ፣ ከገጠር የሚመጡ ሳይክሎች ይበዛሉ። አርብ ከጁምዓ በኋላ ነው የሚከፍቱት። የሚሻለው ሰኞና ማክሰኞ ጠዋት ነው። የልጆች ሳይክልም፣ የዕቃ ማመላለሻም ይሠራሉ። ዕቃ የሚቀየር ከሆነ ምን እንደሚገዛ ይነግሯችኋል፣ ራሳችሁ ገዝታችሁ ትመጣላችሁ። አስቸኩላችሁ አትቁሙባቸው። ሳይክላችሁን አጥባችሁ ውሰዱት፤ ከነጭቃው ከወሰዳችሁት ባልዲና ብሩሽ ሰጥተው ከሱቁ ጎን ያለውን ቧንቧ ያሳዩዋችኋል።

ለጥቅምቱ ውድድራችን ጋሼ ሜዳው ድረስ እንደሚመጡ ቃል ገብተውልናል። ሁለት ጄሪካን ውሃ እንድናዘጋጅ አዘዋል። ብሩሹን እሳቸው ይዘው ይመጣሉ።